የጡንቻን ክር የፈለገው ሊቅ፤ የአልበርት ሰንት ጆርጂ የሕይወት ታሪክ

አልበርት ሰንት ጆርጂ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1893 ዓ.ም. ሴፕቴምበር 16 ቀን በሁንጋርያ ዋና ከተማ በቡዳፔስት ተወለደ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ በአውሮጳ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። የቤተ ሰቡ ስም በአገሩ ቋንቋ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ስም የተገኘ ነው። አባቱ ሚክሎሽ ሐሳቡ ከእርሻውና ከከብቱ የማይለይ ባለ መሬት ነበረ። እናቱ ዮዜፊና ግን ከሊቃውንት ወገን ነበረች። አባቷ ዮዤፍ ሌንሆሼክ በቡዳፔስት ዩኒቨርሲቲ የሰውነት አካላትን ትምህርት ያስተማረ ፕሮፌሰር ሲሆን፣ ወንድሟ ሚሃይ ሌንሆሼክም ያንኑ ትምህርት ተከትሎ ስሙ በአውሮጳ የታወቀ ሊቅ ሆነ።

እንዲህ ካለ ቤት የተወለደ ልጅ ገና ከጅምሩ በትምህርቱ የላቀ ይሆናል ተብሎ ይጠበቃል። አልበርት ግን በልጅነቱ መጽሐፍ የሚጠላ፣ ፈተናውንም ያለ አስጠኚ እርዳታ ማለፍ የማይችል ተማሪ ነበረ። አጎቱ ሚሃይ ልጁን ደካማ አእምሮ ያለው አድርጎ ይቈጥረው ስለ ነበር፣ ልጁ የሳይንስ ሰው መሆን እፈልጋለሁ ባለ ጊዜ ፈጽሞ ተቃወመ። አልበርት ዐሥራ ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ምክንያቱ በውል ሳይታወቅ ተለወጠ፤ ያገኘውን ሁሉ ያነብ ጀመር፤ በመጨረሻዎቹም የትምህርት ቤት ዓመታት ከፍተኛውን ማዕርግ አገኘ። የአጎቱም አስተያየት በየደረጃው ተሻሻለ። መጀመሪያ የመዋቢያ ቅባት ሠሪ ሊሆን ይችላል አለ፤ ቀጥሎ የጥርስ ሐኪም እንዲሆን ፈቀደ፤ በመጨረሻም ልጁ ትምህርቱን በክብር ሲፈጽም ሕክምና እንዲማር እሺ አለ። አጎቱ የኪንታሮት ሕመም ስለ ነበረበት የእኅቱን ልጅ የመጀመሪያ ጥናት ወደዚያው አቅጣጫ መራው፤ ስለዚህ ኋላ በዓለም የታወቀው የዚህ ሊቅ የመጀመሪያ የሳይንስ ጽሑፍ ስለ ፊንጢጣ የውስጥ ሽፋን የተጻፈ ነው። በአንድ ተማሪ ላይ ገና በዐሥራ ሁለት ወይም በዐሥራ ሦስት ዓመቱ ፍርድ የሚሰጥ መምህር ቢኖር፣ ይህን የአጎትና የእኅት ልጅ ታሪክ ቢያውቅ አይጐዳም።

በ1911 ዓ.ም. ወደ ቡዳፔስት ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ገባ። ሦስት ዓመት እንደ ተማረ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተነሣና በጦር ሠራዊት ውስጥ በሕክምና ክፍል እንዲያገለግል ተላከ። በጦር ሜዳ ስለ ጀግንነቱ የብር ሜዳይ ተሸለመ። ነገር ግን ጦርነቱ ትርጉም የሌለው እልቂት መሆኑ ስለ ታየው በ1916 ዓ.ም. የራሱን ክንድ በጥይት መታና በቁስለኛነት ወደ ቤቱ ተመለሰ። ይህን ሥራውን የሚያወግዝ ሰው አይጠፋም፤ እርሱ ግን ነገሩን ከቶ ሳይደብቅ በሸመገለ ጊዜ እንኳ በግልጥ ይናገረው ነበር። በ1917 ዓ.ም. የሐኪምነት ማዕርጉን ተቀበለ፤ በዚያው ዓመት ኮርኔሊያ ዴሜኒ የምትባለውን ወጣት አገባ፤ በዓመቱም ኔሊ የተባለች ሴት ልጅ ወለዱ።

ከጦርነቱ በኋላ የተሸነፈችው ሁንጋርያ ከግዛቷ ከሦስቱ እጅ ሁለቱን ያህል አጣች። ወጣቱ ሐኪምም ሚስቱንና ሕፃኗን ይዞ ከአገር ወደ አገር ሲዘዋወር ኖረ። ከፖዦኒ ወደ ፕራግ፣ ከፕራግ ወደ በርሊንና ወደ ሃምቡርግ፣ ከዚያም በሆላንድ ወደ ላይደንና ወደ ግሮኒንገን ሄደ። በሄደበት ሁሉ ደመወዙ አነስተኛ ነበረ። የሚያጠናው ነገር ሕያው ፍጥረት ምግቡን በአየር እንዴት እንደሚያቃጥልና ኀይል እንደሚያገኝ ነበር። አንድ ድንች ተቈርጦ ሲቀመጥ ለምን እንደሚጠቍር፣ የብርቱካን ዘመድ የሆኑት ፍሬዎች ግን ለምን እንደማይጠቍሩ ሲመረምር፣ በእነዚህ ውስጥ መጥቈርን የሚያዘገይ አንድ ነገር እንዳለ አስተዋለ። እንዲህ ያለውን ነገር ከኩላሊት በላይ ባለው እጢ ውስጥም አገኘው። ነገር ግን ይረዳው የነበረው ፕሮፌሰር ሞተና በእርሱ ቦታ የተተካው ሰው ሥራውን ናቀበት። ሰንት ጆርጂ ሚስቱንና ልጁን ወደ ዘመዶቻቸው ሰደደና ተስፋ በቈረጠ ልብ፣ እንደ ስንብት ያህል፣ በስቶክሆልም ወደ ተደረገው የሊቃውንት ጉባኤ ሄደ። በጉባኤው የእንግሊዙ ታላቅ ሊቅ ሰር ፍሬደሪክ ጋውላንድ ሆፕኪንስ በንግግሩ የዚህን የማይታወቅ ሰው ስም ደጋግሞ ሲያነሣ ሰማ። ከንግግሩ በኋላ ቀርቦ ራሱን አስተዋወቀ፤ ሆፕኪንስም ወደ ካምብሪጅ እንዲመጣ ጠራው። በዚያም በ1927 ዓ.ም. የዶክተርነት ማዕርግ አገኘ።

በካምብሪጅ ያንን መጥቈርን የሚያዘገየውን ነገር ነጥሎ አወጣው። ከስኳር ጋር የሚዛመድ መሆኑን እንጂ ምንነቱን ገና ስላላወቀ፣ አላውቅም ከሚለው ቃልና ከስኳሮች የስም መድረሻ የቀልድ ስም አበጅቶ ለመጽሔት ላከ። አዘጋጁ ቀልዱን አልወደደለትም። ሁለተኛም እግዚአብሔር ያውቃል የሚል ትርጕም ያለው ስም ቢልክ ይህም አልተፈቀደለትም። በመጨረሻ ሄክሱሮኒክ አሲድ ተባለ።

በዚህ ጊዜ የሁንጋርያ የትምህርት ሚኒስትር ኩኖ ክሌበልስበርግ ከውጭ አገር ሊቃውንቱን እየፈለገ ወደ አገራቸው ይመልስ ነበር። ሚኒስትሩ የተሸነፈችና የደኸየች አገር የምትነሣው በትምህርት ነው ብሎ ያመነ ሰው ስለ ነበረ፣ ከጠፋው ግዛት በተሰደደው ዩኒቨርሲቲ አማካይነት የሴገድን ከተማ የትምህርት ማዕከል ለማድረግ ይደክም ነበር። ሰንት ጆርጂ በአሜሪካ አገር በማዮ ክሊኒክ ጥቂት ጊዜ ተቀምጦ ከብዙ የከብት እጢ 25 ግራም ያህል ሄክሱሮኒክ አሲድ ካዘጋጀ በኋላ ጥሪውን ተቀብሎ በሴገድ የሕክምና ኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ሆነ። ደመወዙም መሣሪያውም ከካምብሪጁ ጋር የሚወዳደር አልነበረም።

በሴገድ ከአሜሪካ የመጣ ጆሴፍ ስቪርበሊ የተባለ ወጣት ረዳት አገኘ። ይህ ወጣት ጊኒ ፒግ የሚባሉትን ትናንሽ እንስሳት ቫይታሚን ሲ በሌለው ምግብ እየመገበ፣ ለከፊሎቹ ግን ሄክሱሮኒክ አሲድ ጨመረላቸው። ያልተጨመረላቸው ድድን በሚያደማውና አካልን በሚያልፈሰፍሰው በስከርቪ በሽታ ሞቱ፤ የተጨመረላቸው በጤና ኖሩ። ይህም በ1932 ዓ.ም. ታወቀ። በአሜሪካ የቻርልስ ኪንግ ወገን ቀዳሚነት የእኛ ነው ብሎ ስለ ተከራከረ ክርክሩ ለብዙ ዓመታት አልበረደም። ቀጥሎ የገጠመው ችግር ቅመሙ ማለቁ ነበር። የሴገድ አውራጃ የቃሪያ አገር ነው። አንድ ማታ ሚስቱ ለራት ቃሪያ ብታቀርብለት መብላት አልፈለገምና ወስዶ መረመረው፤ ሌሊቱ ሳይጋመስም ቃሪያው በቫይታሚን ሲ የተሞላ መሆኑን አወቀ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በግራም ሳይሆን በኪሎ የሚመዘን ንጹሕ ቫይታሚን አዘጋጅቶ ለሚሹት ሊቃውንት ሁሉ አደለ። በ1937 ዓ.ም. ስለዚህና ስለ ሕይወት ቃጠሎ ባደረገው ምርምር የኖቤልን ሽልማት በሕክምና ዘርፍ ተቀበለ።

ብዙ ሰዎች የሚያውቁት የሕይወቱን ታሪክ እስከዚህ ድረስ ነው። እርሱ ግን ከሽልማቱ በኋላ ቫይታሚኑን ለሌሎች ተወና አንድ የልጅ ጥያቄ የሚመስል ነገር ጠየቀ፤ ጡንቻ ሲኰማተር በውስጡ የሚሆነው ምንድን ነው? በ1939 ዓ.ም. በሞስኮ ኤንግልሃርትና ልዩቢሞቫ የተባሉ ባልና ሚስት ሊቃውንት፣ ማዮሲን የተባለው የጡንቻ ፕሮቲን ኤ.ቲ.ፒ. የሚባለውን የሕያዋን የኀይል ስንቅ እንደሚሰብረው ገልጠው ነበር። ሰንት ጆርጂና ረዳቱ ኢሎና ባንጋ ከዚህ ተነሥተው የጥንቸል ጡንቻ ፈጭተው በጨው ውሃ ዘፈዘፉት። ለሃያ ደቂቃ ያህል ተዘፍዝፎ የተጠለለው ፈሳሽ ቀጭን ነበረ። ሌሊቱን ሙሉ ያደረው ግን እጅግ ወፍራምና ዝልግልግ ሆኖ ተገኘ። በወፍራሙ ላይ ኤ.ቲ.ፒ. ቢጨመርበት ወዲያው ቀጠነ። ሌላ ሰው ቢሆን ያደረውን ፈሳሽ እንደ ተበላሸ ቈጥሮ ይደፋው ይሆናል።

ከዚያ ወፍራም ፈሳሽ ጥቃቅን ክሮች አወጣና በአጉሊ መነጽር ሥር አኖረ። በላያቸውም ከተቀቀለ ጡንቻ የተገኘ፣ ኤ.ቲ.ፒ. ያለበት ጭማቂ ጨመረ። ክሮቹ በዐይኑ ፊት ተኰማተሩ። ሕይወት ከሌለው ብርጭቆ ውስጥ፣ በሰው እጅ ከተዘጋጀ ፕሮቲን፣ የሕያው ፍጥረት ዋና ምልክት የሆነው እንቅስቃሴ ታየ። ያቺን ሰዓት በዕድሜው ሁሉ ከደረሰበት ነገር ሁሉ ይልቅ ልቡን ያነቃነቀች አድርጎ ይቈጥራት ነበር፤ ከኖቤል ሽልማቱም ያስበልጣት ነበር። ነገር ግን ከቀጭኑ ፈሳሽ የተሠራው ክር ምንም አልተንቀሳቀሰም። እንግዲህ በወፍራሙ ውስጥ ከማዮሲን ሌላ የማይታወቅ ነገር መኖር አለበት።

ያንን ነገር ያገኘው ሰንት ጆርጂ ራሱ ሳይሆን ብሩኖ ስትራውብ የተባለ ወጣት የሥራ ባልደረባው ነው፤ መምህሩም ይህን ክብር ለራሱ አልወሰደም። ስትራውብ ማዮሲኑ የወጣለትን ጡንቻ በአሴቶን አድርቆ ዱቄት አደረገው፤ ዱቄቱንም በውሃ ዘፍዝፎ አዲስ ፕሮቲን አወጣ። ማዮሲንን ወደ ሥራ የሚያነሣሣ ስለ ሆነ አክቲን ተባለ። ይህ በ1942 ዓ.ም. ነው። አክቲን ጨው በሌለበት ውሃ እንደ ተበተነ ዶቃ ሆኖ ይኖራል፤ ጨው ሲጨመርበት ዶቃዎቹ እርስ በርሳቸው ተያይዘው እንደ ተገመደ ገመድ ረጅም ክር ይሆናሉ። የክሩ ውፍረት የአንድ ሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ክፍል ሰባት እጅ ያህል ብቻ ነው። ዶቃው ክር መሆኑ፣ ክሩም ተመልሶ ዶቃ መሆኑ በዚያን ጊዜ የጡንቻ ጉዳይ ብቻ ይመስል ነበር።

ይህ ሁሉ ሲሠራ አውሮጳ በእሳት ውስጥ ነበረች። ሁንጋርያ ከሂትለር ጋር ተሰልፋለች። ሰንት ጆርጂ በ1940 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲው ሬክተር ሆኖ ነበርና ተማሪዎች በአይሁድነታቸው ምክንያት ሲሰደቡና ሲገፉ መቃወሙ የታወቀ ነበረ። ተማሪዎቹ በራሳቸው የሚመሩት ማኅበር እንዲኖራቸውና ትያትር እንዲያሳዩ አበረታታ፤ ፕሮፌሰርና ተማሪ በሩቅ በሚተያዩበት በዚያ አገር እርሱ ከተማሪዎቹ ጋር ኳስ መጫወቱ አንዳንድ ባልደረቦቹን አላስደሰተም። የምርምሩን ውጤት በዩኒቨርሲቲው ስም በትናንሽ ጥራዞች በእንግሊዝኛ ያሳትም ነበር። ጦርነቱ ድንበሩን ሁሉ ስለ ዘጋው ግን ጥራዞቹን ከአገሩ ውጭ ያነበበ ሰው ጥቂት ነበረ፤ የዘመኑ ትልቅ ግኝት በአንድ የገጠር ከተማ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ።

በ1943 ዓ.ም. ለንግግር የሚሄድ መስሎ ወደ ኢስታንቡል ተጓዘና ሁንጋርያ ከጦርነቱ የምትወጣበትን መንገድ ከእንግሊዝ የስለላ ሰዎች ጋር በምስጢር ተነጋገረ። ነገሩን ጀርመኖች ደረሱበት። በ1944 ዓ.ም. የጀርመን ጦር አገሪቱን ሲይዝ የሚፈለግ ሰው ሆነ። ከቤት ወደ ቤት እየተሸሸገ፣ የስዊድን መንግሥት በሰጠው ወረቀት እየተረዳ፣ አንዳንድ ጊዜም በስዊድን ሌጋሲዮን እየተጠጋ ከጌስታፖ እጅ አመለጠ። የቡዳፔስት ውጊያ ሲያበቃ የሶቪዬት ወታደሮች ፈልገው አግኝተው በደኅና ቦታ አስቀመጡት። ስለ ጡንቻ የተደረገው ምርምር ሁሉ በአንድነት ተጠቃሎ በ1945 ዓ.ም. በስዊድን አገር መጽሔት ታተመ፤ የምዕራብ ሊቃውንትም በሴገድ የተሠራውን በመደነቅ ያነበቡት ያን ጊዜ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ በቡዳፔስት ፕሮፌሰርና የምክር ቤት አባል ሆነ፤ የሳይንስ አካዳሚውንም ለማደስ ደከመ። አዲሱ አገዛዝ የሚሄድበትን አቅጣጫ ሲያይ ግን በ1947 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ተሰደደ፤ በማሳቹሴትስ ግዛት በዉድስ ሆል በባሕር ዳር ባለው የሥነ ሕይወት ምርምር ቤት ተቀመጠ። በዚያም በ1949 ዓ.ም. ሌላ ጠቃሚ ዘዴ አሳየ። የጥንቸል ጡንቻ በግሊሰሪን ውስጥ በቅዝቃዜ ሲቀመጥ የሚሟሟው ሁሉ ይወጣል፤ የክሮቹ ሥርዓት ግን ይቀራል። ከብዙ ሳምንት በኋላም ኤ.ቲ.ፒ. ሲጨመርበት እንደ ሕያው ይኰማተራል። በ1954 ዓ.ም. በእንግሊዝ ሊቃውንት ዘንድ የማዮሲንና የአክቲን ክሮች አንዱ በሌላው ላይ እየተንሸራተቱ ጡንቻን እንደሚያሳጥሩ ተገለጠ። የክሩን ምንነት ያሳወቀው ቤት የመንሸራተቱን ምስጢር ለሌሎች ተወ።

ሰንት ጆርጂም ቀስ በቀስ ከጡንቻ ወጣ። ሁለተኛ ሚስቱ ማርታ በ1963 ዓ.ም. በካንሰር ሞተች፤ በ1969 ዓ.ም. ደግሞ አንዲት ልጁን ኔሊን ያው በሽታ ወሰዳት። የቀረውን ዕድሜውን በሙሉ የካንሰርን ምክንያት በኤሌክትሮኖች እንቅስቃሴ ውስጥ በመፈለግ አሳለፈ። አብዛኞቹ ሊቃውንት ይህን ሐሳቡን አልተቀበሉትም፤ ገንዘብ የሚሰጡ መሥሪያ ቤቶችም ፊታቸውን አዞሩበት። እውነቱን ለመናገር ያ ሐሳብ እርሱ የተመኘውን ፍሬ አላፈራም።

እርሱ ጥሎት የሄደው አክቲን ግን በእነዚሁ ዓመታት ከጡንቻ ውጭ መታየት ጀመረ። በ1966 ዓ.ም. ሃታኖና ኦሳዋ የተባሉ የጃፓን ሊቃውንት ጡንቻ ከሌለው ከአንድ ዝቅተኛ ፍጥረት አክቲንን አወጡ። በ1974 ዓ.ም. ላዛሪዴስና ዌበር በአክቲን ላይ ብቻ የሚጣበቅ፣ በሚያበራ ቀለም የሚታይ አንቲቦዲ አዘጋጅተው በብርጭቆ ላይ በሚያድጉ ሕዋሳት ላይ ቢጨምሩት፣ የሕዋሱ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር በተወጠሩ ክሮች ተሞልቶ ታየ። እነዚህ ሕዋሳት ከእንስሳ ቆዳ ወይም ከሌላ አካል ተወስደው በጠፍጣፋ ዕቃ ውስጥ ምግብ ባለው ፈሳሽ የሚያድጉ ናቸው፤ በብርጭቆው ላይ ተዘርግተው ቀስ እያሉ ይሳባሉ። ጡንቻ ያልሆነ ሕዋስም የራሱ ዐፅም አለው፤ ያም ዐፅም እንደ ቤት ምሰሶ አንዴ ተተክሎ የሚቀር ሳይሆን በየጊዜው የሚፈርስና የሚሠራ ነው።

ታዲያ የሚያፈርሰው ማን ነው? በ1979 ዓ.ም. ሄለን ዪንና ቶማስ ስቶሰል ከጥንቸል ሳንባ ተውሳክን ከሚውጡ ሕዋሳት አንድ ፕሮቲን አወጡ። የረጋውን የአክቲን ፈሳሽ ወደ ቀጭንነት የሚመልስ ስለ ሆነ ጌልሶሊን አሉት። ጌልሶሊን ካልሲየም ሲያገኝ የአክቲንን ክር ከጎኑ ይይዝና ይቈርጠዋል፤ ከቈረጠም በኋላ በተቈረጠው ጫፍ ላይ እንደ ክዳን ተቀምጦ ክሩ እንዳያድግ ይከለክላል። ከሕዋሱ ሽፋን የሚገኝ አንድ የቅባት ዓይነት ሲነካው ደግሞ ክዳኑ ይነሣና ጫፉ ለዕድገት ነጻ ይሆናል። ከዚህም ጋር በ1980 ዓ.ም. ከዶሮ ጫጩት አንጐል፣ በ1984 ዓ.ም. ከዐሣማ አንጐል ተቀራራቢ የሆኑ ሌሎች ቈራጮች ተገኙ፤ የኋለኛው ኮፊሊን ይባላል። ኮፊሊን ያረጀውን የክር ክፍል መርጦ ይጠመጥመዋል፤ ክሩም በዚያ ስፍራ ተዳክሞ ይበጠሳል።

ቈራጭ የበዛበት ሕዋስ ዐፅሙን አጥቶ የሚሽመደመድ ይመስላል። በ1991 ዓ.ም. ግን በብርጭቆ የሚያድጉ የአይጥ ሕዋሳት ጌልሶሊን ሲበዛላቸው ከቀድሞው ይልቅ ፈጥነው ሲሄዱ ታዩ። በ1995 ዓ.ም. ደግሞ ጌልሶሊን እንዳይኖራቸው ከተደረጉ አይጦች የተወሰዱት ሕዋሳት በወፍራም የአክቲን ክሮች ተሞልተው እንቅስቃሴያቸው ዘገምተኛ ሆነ። ክር በተቈረጠ ቍጥር አዳዲስ ጫፎች ይወለዳሉ፤ አዲስ ክር የሚያድገው ከጫፍ ነው፤ ከፈረሰው የሚገኙት ዶቃዎችም ለግንባታው ይውላሉ። ስለዚህ በሕዋስ ውስጥ መቍረጥ ከመሥራት የሚለይ ነገር አይደለም። የካንሰር ሕዋስ ከተወለደበት ስፍራ ተነሥቶ ወደ ሌላ አካል የሚሳበው በዚሁ የአክቲን ዐፅም ስለ ሆነ፣ ኮፊሊንና ጌልሶሊን በካንሰር ምርምር ቤቶች በብዛት ይጠናሉ። ሰንት ጆርጂ ሚስቱንና ልጁን የነጠቀውን በሽታ በኤሌክትሮን ሲፈልገው፣ በሴገድ ከቤቱ የወጣው ክር በሌሎች እጅ ወደዚያው በሽታ ይመራ ነበር።

በ1978 ዓ.ም. የቅዱስ እስጢፋኖስ ዘውድ ከአሜሪካ ወደ ሁንጋርያ ሲመለስ ሽማግሌው ሊቅ ከመልክተኞቹ አንዱ ሆኖ አገሩን አየ። በ1986 ዓ.ም. ኦክቶበር 22 ቀን በ93 ዓመቱ በዉድስ ሆል ዐረፈ። በሚቀጥለው ዓመት የሴገድ የሕክምና ዩኒቨርሲቲ በስሙ ተጠራ። አክቲንን ያገኘው ብሩኖ ስትራውብም በ1988 ዓ.ም. የሁንጋርያ የፕሬዚዳንት ምክር ቤት ሊቀ መንበር፣ ማለት የአገሩ ርእሰ ብሔር ሆኖ እስከ 1989 ዓ.ም. ድረስ አገለገለ።